የነርሲንግ ሆም ሥራ በሜድ ስኩል ማመልከቻ ላይ ይጻፍ ወይስ ይደበቅ? አንድ ጥያቄ፣ 33 መልስ

ጥያቄውን ኢንተርኔት መወያያ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ታናሽ እህቴ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። ዲቪ ደርሶን ስንመጣ ሃይስኩል አጋማሽ ላይ ነበረች። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ጨርሳ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገባች፤ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረች። ጂፒኤዋ 3.6 ነው። ኤምካት፣ የሜድ ስኩል (የሕክምና ትምህርት ቤት) መግቢያ ፈተናው፣ 507 መጣላት። ማታ ማታ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ውስጥ ሲኤንኤ፣ የነርስ ረዳት፣ ሆና ትሠራለች።

የማመልከቻዋን ረቂቅ ሳየው ይሄ ሥራ የለበትም። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን አለ። የሐበሻ ተማሪዎች ማኅበር ገንዘብ ያዥነት አለ። አንድ ሰሞን ሆስፒታል ውስጥ በበጎ ፈቃድ መጽሔት ያደለችበት አለ። ዳይፐር የምትቀይርበትና በሽተኛ የምታገላብጥበት ሥራ ግን የለም። ለምን ብላት፣ ለደመወዝ የሚሠራ ሥራ ምኑ ይጻፋል አለችኝ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቅኩ። ኮሚኒቲ ኮሌጁና የሌሊት ሥራው ማመልከቻዋን ያዳክሙባታል ወይ? በዚህ ጁን ታስገባ ወይስ አንድ ዓመት ትቆይ? መልሱ ከጠበቅኩት በላይ በዛ። ኋላ የሚመጣ ሰው ከላይ እስከ ታች እንዳይለፋ ብዬ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የሰው ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። አልፎ አልፎ የራሴንም ጣል አድርጌያለሁ።

1ኛው መልስ ምርቃት ነው። እግዜር እንዲያሳካላት ተመኝቶ የየትኛው አጥቢያ ልጆች እንደሆንን ጠየቀ። አሜን ብያለሁ፤ አጥቢያውን አልተናገርኩም።

2ኛው ቁጥር ይዞ መጣ። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ከ50,000 በላይ ሰው ለኤምዲ፣ ለተለመደው የሐኪም ዲግሪ፣ ትምህርት ቤቶች ያመለክታል። የሚገባው 23,000 ገደማ ነው። የገቡት ሰዎች አማካይ ጂፒኤ ወደ 3.8 ይጠጋል፣ ኤምካታቸው ከ511 ከፍ ይላል። የእህቴ ቁጥር ከአማካዩ በታች እንደሆነ ሳያሽሞነሙን ነገረኝ። በሩ ተዘግቷል ግን አላለም። ፈተናው አራት ክፍል እንዳለው፣ እያንዳንዱም ከ118 እስከ 132 እንደሚታረም አስታውሶ ዝርዝሩን ጠየቀኝ። ሦስቱ ክፍሎች 128፣ ካርስ የሚባለው የንባብ ክፍል 123 እንደሆነ ጻፍኩለት። ይቺ 123 ኋላ ብዙ አነጋግራለች።

3ኛው ሰውዬ ከጥያቄው ጋር ነው የተጣላው። ሴት ልጅ ናት፣ ነርሲንግ ትማር፣ ቶሎ ሥራ ትይዛለች፣ ትዳርም አያመልጣትም በሚል መንፈስ ጻፈ። ላይክ ጎረፈለት። 4ኛዋ አልማረችውም። እኔ ስለ ወንድሜ ብጠይቅ ኖሮ ይሄው ምክር ይሰጠኝ እንደነበር ጠየቀችው። ነርስ ማለት ሐኪም መሆን ያቃተው ሰው አይደለም፣ ራሱን የቻለ ሙያ ነው ስትልም ጨመረች። 5ኛው ያው 3ኛው ሰውዬ ነው። ራሱ ነርስ እንደሆነ፣ በሙያው ቤት እንደገዛ፣ ክፉ አስቦ እንዳልጻፈ ተናግሮ ለዘብ አለ። ስለ ትዳሩ ያለውን ግን አላነሳውም።

ወደ ጥያቄዬ የመለሰን 6ኛው ነው። የሜድ ስኩል ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ኮሚኒቲ ኮሌጅ እንደጀመረ፣ ኢንተርቪው ላይ አንድም ሰው በክፉ እንዳላነሳበት ጻፈ። ዋናው ቁም ነገር ከተዛወረች በኋላ ያለው ውጤት ነው። ባዮኬሚስትሪና ፊዚዮሎጂ የመሳሰሉትን ከበድ ያሉ ኮርሶች ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ወስዳ ኤ ካመጣች ኮሚኒቲ ኮሌጁ ጥያቄ አይሆንም። እዚህ ድረስ ጥሩ። ከዚያ የተደገመ ኮርስ አዲሱ ውጤት አሮጌውን ይሰርዘዋል ብሎ ጨመረ። 7ኛዋ ወዲያው አረመችው። ኤምካስ፣ አብዛኞቹ የኤምዲ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት የጋራ ማመልከቻ፣ የተደገመውንም የመጀመሪያውንም ይቆጥራል። አንድ ኮርስ ብቻ የወሰደችበት ኮሌጅ ቢኖር እንኳ ትራንስክሪፕቱ መግባት አለበት። አዲሱን ብቻ የሚይዘው ዲኦ የሚባለውን ሌላውን የሐኪም ዲግሪ የሚሰጡት ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ ነበር፤ እሱም ከ2017 ጀምሮ ቀርቷል። 6ኛው አመስግኖ መልሱን አስተካከለ። እንዲህ ያለ ሰው በየክሩ፣ በየውይይቱ ማለቴ ነው፣ ቢኖር ጥሩ ነበር።

8ኛው የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፣ ስፔሻሊቲ በመማር ላይ ያለ ሐኪም፣ ነው። ለእኔ ክሩን ክር ያደረገው የእሱ መልስ ነው። ሥራውን መደበቋን ሲያነብ ቅር እንዳለው ያስታውቃል። ተማሪ የሚመርጠው የሜድ ስኩሉ ኮሚቴ የሚፈልገው ከበሽተኛ ጋር የዋለ ሰው ነው፤ ተከፍሎት ይሁን በነጻ ግድ የለውም። እንደውም ኑሮዋን ለማሸነፍ ሌሊት እየሠራች 3.6 ማምጣቷ ካልተጻፈ፣ 3.6ቱ ዝም ብሎ ዝቅ ያለ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። ኤምካስ ላይ እስከ 15 ተግባር መዘርዘር ይቻላል። ለእያንዳንዱ 700 ፊደል አለ፣ ክፍት ቦታው ጭምር ተቆጥሮ። ከመካከላቸው እስከ ሦስቱ ትልቅ ትርጉም የነበራቸው ተብለው ይመረጡና 1,325 ፊደል ይጨመርላቸዋል። ነርሲንግ ሆሙ ከሦስቱ አንዱ እንዲሆን፣ መጽሔት ማደሉ ደግሞ ወደ ታች እንዲወርድ መከረ። የጻፈችውን እንዳሳየውም ጠየቀኝ።

9ኛው መልስ የእኔ ነው። እህቴን ለምኜ አንድ አንቀጽ አስጻፍኳትና ለጠፍኩት። አረጋውያንን እንደተንከባከበች፣ ርኅራኄና ትዕግሥት እንደተማረች የሚያትት ነበር።

10ኛው ላይ ሬዚደንቱ ተመልሶ መጣ። ይሄን አንቀጽ በሽተኛ አይቶ የማያውቅ ሰውም ሊጽፈው ይችላል አለ። ርኅራኄ የሚለው ቃል ወጥቶ አንድ ሌሊት እንዲገባበት ፈለገ። ምን አየች? ምን አደረገች? ለማን ነገረች?

ቁጭ አድርጌ ጠየቅኳት። የነገረችኝ ይሄ ነው። ሁዳዴ ላይ አንዲት የእኛ አገር እናት ትሪያቸው ሳይነካ እየተመለሰ ነበር። መዝገባቸው ላይ ምግብ እምቢ ይላሉ ተብሎ ተጽፏል። ክብደታቸው ቀንሷል። እህቴ በየሁለት ሰዓቱ ለማገላበጥ ስትገባ ነው ያወቀችው፤ እምቢ አላሉም፣ እየጾሙ ነው። ትሪው ላይ እንቁላል፣ ወተት፣ ዶሮ። የስኳር መድኃኒታቸው ደግሞ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው። ለተረኛዋ ነርስ ነገረቻት። ነርሷ በስልክ አስተርጓሚ አስጠርታ እናትየዋን አነጋገረች፣ ለሐኪሙም አሳወቀች። በማግስቱ የምግብ ባለሙያዋ ትሪውን ወደ ምስር፣ ባቄላና ኦቾሎኒ ቅቤ ቀየረችው፤ የመድኃኒቱም ሰዓት ከሚበሉበት ሰዓት ጋር እንዲገጥም ሆነ። ይሄን ሁሉ እህቴ የነገረችኝ እንደ ተራ ወሬ ነው። ማመልከቻ ላይ ይገባል ብላ በሕልሟም አላሰበችም።

ይሄን ስለጥፍ ሬዚደንቱ ደስ አለው። 11ኛዋ ግን ቆጣ ብላ ገባች። የነርሶች አለቃ ነኝ ብላለች። በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ እህቴ ለሐኪሙ አስተረጎመች የሚል ነገር ነበረበት። ሲኤንኤ የሕክምና አስተርጓሚ አይደለችም፤ ኮሚቴው ላይ የተቀመጠ ሰው ይሄን ሲያነብ የሚያየው ጎበዝ ልጅ ሳይሆን ደንብ የጣሰች ሠራተኛ ነው። ሌላም አለ። የመሥሪያ ቤቱ ስም በቅጹ ላይ ስለሚሞላ የእናትየዋን ስም፣ ዕድሜ፣ የክፍል ቁጥር፣ የመጡበትን ከተማ መጥቀስ ግላዊነታቸውን ያጋልጣል። ቁጣዋ በዛ ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ትክክል ናት ብያለሁ፤ ከላይ ያነበባችሁት ከእሷ አስተያየት በኋላ የተስተካከለው ነው። 12ኛው ላይ ሬዚደንቱም ተስማማ። ያስተዋለችውና ለሚመለከተው የነገረችው ይበቃል፤ ከሥልጣኗ በላይ የሠራች ማስመሰል አያስፈልግም።

13ኛዋ እናት ናቸው። ልጃቸው ባለፈው ዓመት ገብቷል። እሳቸው የጻፉት ስለ ገንዘብ ነው። ኤምካስ ለመጀመሪያው ትምህርት ቤት 175 ዶላር ገደማ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 45 ዶላር ገደማ ይወስዳል። ከዚያ ትምህርት ቤቶቹ ሁለተኛ ዙር ቅጽ ይልካሉ፤ እሱም ለየብቻው ይከፈልበታል። የቤተሰብ ገቢ ዝቅ ካለ የሕክምና ኮሌጆቹ ማኅበር፣ ኤኤኤምሲ፣ የክፍያ ድጋፍ አለው። የኤምካት ዋጋ ይቀንሳል፣ እስከ 20 ትምህርት ቤት ድረስ የማመልከቻው ክፍያ ይነሳል፣ የማኅበሩ የመለማመጃ ፈተናዎችም ይሰጣሉ። ልብ በሉ ያሉት አንድ ነገር ነው። ድጋፉ ከተፈቀደ በኋላ ለሚከፈል እንጂ ቀድሞ ለተከፈለ ገንዘብ አይመለስም። ልጃቸው ይሄን ያወቀው ኤምካቱን ሙሉውን ከከፈለ በኋላ ነበር። እሳቸውን ያላመሰገነ የለም።

ከ14 እስከ 16 ያለውን ዝለሉት። አንዱ ማመልከቻ አስተካክላለሁ፣ መግባትም ዋስትና እሰጣለሁ ብሎ ስልክ ለጠፈ። ሁለተኛው ሌባ አለው። አወያዩ ሁለቱንም አነሳቸው። ዋስትና እሰጣለሁ የሚል ሰው ካያችሁ ሽሹ፤ ይቺ የእኔ ናት።

17ኛው ስለ ጊዜ ነው። ኤምካስ ሜይ መጀመሪያ ላይ ይከፈታል፣ ከሜይ መጨረሻና ከጁን መጀመሪያ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ከገባ በኋላ ውጤቱ ከትራንስክሪፕቱ ጋር እየተመሳከረ ይጣራል፤ ሰው በሚበዛበት ወቅት ይሄ እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የሁሉንም ማመልከቻ ሰብስበው አይደለም የሚያዩት። እንደመጣ ያያሉ፣ እንደመጣ ኢንተርቪው ይጠራሉ። ሴፕቴምበር ላይ የሚመጣ ሰው ቀሪውን ወንበር ነው የሚሻማው። የእኛ ልጆች የመዝጊያውን ቀን ቀጠሮ አድርገው ይይዙታል ሲል ተማረረ። እውነቱን ነው።

18ኛዋ ከዚሁ ተነስታ እህቴ ዘንድሮ ባታስገባ ይሻላል አለች። ምክንያቷ 123ቷ ናት። 507 ብቻውን ባልከፋ፣ ግን አንድ ክፍል እንዲህ ሲወርድ ዓይን ውስጥ ይገባል። አሁን ደግማ ብትፈተን ውጤቱ የሚወጣው ከወር በኋላ ስለሆነ ማመልከቻዋ ዘገየ ማለት ነው። ፈተናው ደግሞ በዓመት ከሦስት ጊዜ፣ በሁለት ዓመት ከአራት፣ በዕድሜ ልክ ከሰባት ጊዜ በላይ አይወሰድም፤ ትምህርት ቤቶቹም ሁሉንም ውጤት ያያሉ። ስለዚህ እንሞክረው ተብሎ የሚገባበት አይደለም።

19ኛው አልተስማማም። ዘንድሮም ታስገባ፣ ግን የዲኦ ትምህርት ቤቶችን ትጨምር አለ። 20ኛው ዲኦ እውነተኛ ሐኪም ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ወጌሻ ነገር አይደለም ወይ ብሎ ሲያላግጥም ነበር። 21ኛዋ ራሷ ዲኦ ናት። በ50ውም ስቴት ሙሉ የሕክምና ፈቃድ እንዳላቸው፣ ከ2020 ወዲህ የኤምዲና የዲኦ ምሩቃን ሬዚደንሲ በአንድ የዕውቅና ሥርዓት ሥር እንደሆነ ዘረዘረች። ባለፈው ሳምንት ስንት ሰው እንዳከመች ልትነግረው ዝግጁ እንደሆነችም ጻፈች። 20ኛው ከዚያ በኋላ አልታየም።

22ኛው ስለ ካርስ ነው። በየቀኑ ረጅም ጽሑፍ ማንበብ እንደጠቀመው፣ በተለይ የማይወደውን፣ ፍልስፍናና የሥነ ጥበብ ሂስ ጭምር እንዳነበበ ጻፈ። ክፍሉ የቃላት እውቀት አይደለም የሚፈትነው፤ ጸሐፊው ምን ለማለት እንደፈለገ ከጽሑፉ ሳይወጡ ማግኘትን ነው። እኛ ደግሞ የራሳችንን አስተያየት እንጨምርበታለን አለ። ይቺን ለእህቴ ሳነብላት ሳቀች። ልክ እንደዚያ ነው የምታደርገው።

23ኛው ላይ መንገድ ሳትን። ጥቁር አንበሳ የተማረ ሐኪም ነው፤ ከአገር ቤት መጥቶ ፓርኪንግ ይሠራል። ሜድ ስኩል እንደገና ማመልከት አለብኝ ወይ ብሎ ጠየቀ። 24ኛዋ አያስፈልግም አለችው። የእሱ መንገድ ሌላ ነው፤ ዲግሪውን የውጭ ምሩቃንን በሚመረምረው ድርጅት፣ በኢሲኤፍኤምጂ፣ አስመርምሮ የአሜሪካን የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና፣ ዩኤስኤምኤልኢ ስቴፕ 1ና ስቴፕ 2፣ ይፈተናል፣ ከዚያ ለሬዚደንሲ ይወዳደራል። ስቴፕ 1 ከ2022 ጀምሮ ቁጥር የለውም፣ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ክብደቱ ወደ ስቴፕ 2 ዞሯል። ከዚህ በኋላ አንዱ በድሃ ገበሬ ግብር የተማረ ሐኪም አገሩን ጥሎ ይመጣል ብሎ ተነሳ። ሌላው የአገር ቤቱን ደመወዝ ታውቀዋለህ ወይ አለው። 25ና 26 በዚህ ጠፉ። አወያዩ ባይገባ ኖሮ እስከ ዛሬም ይቀጥል ነበር።

27ኛዋ መልሳ አስተካከለችን። የጠየቀችው ስለ ድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ እህቴ የሚያውቋት ፕሮፌሰሮች አሏት ወይ? ብዙ ትምህርት ቤት ከሁለት የሳይንስ መምህራንና ከአንድ ሌላ መምህር ደብዳቤ ይፈልጋል። የሐበሻ ልጅ በቢሮ ሰዓት ፕሮፌሰር ጋ መሄድ ማስቸገር ይመስለዋል። ከኋላ ተቀምጦ ኤ አግኝቶ ይወጣል፤ ደብዳቤው ሲጻፍ ታዲያ ኤ አግኝቷል ከማለት ሌላ የሚጻፍ ነገር አይገኝም። እህቴ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ያስተማሯት መምህር ስሟን እንደማያውቁ ነግራኛለች። ኤ ነው ያመጣችው።

28ኛው ከማመልከቻው ጋር ስለሚገባው ድርሰት ጻፈ፣ መራርም ነበር። የእህቴ ድርሰት አያታችን ጎንደር ውስጥ ሐኪም ሳያገኙ ማረፋቸውን በመተረክ እንደሚጀምር ጠቅሼ ነበር። 5,300 ፊደል ብቻ ተሰጥቷት ግማሹን ለአያቷ ከሰጠች ኮሚቴው አያትየዋን ነው የሚቀበለው አለ። 29ኛዋ ተቆጣች። የሞተ ሰው ላይ እንዲህ አይቀለድም፣ ለልጅቷ እውነተኛ ታሪኳ ነው። እኔ ቀልዱን አልወደድኩትም፣ ምክሩን ግን ወስጄዋለሁ። አያቴ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተሰጥቷቸዋል።

30ኛው ዋሽንግተን ዲሲ ያለውን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን አነሳ። የሐበሻ ልጆች የሚበዙበት ስለሆነ ይቀላል የሚል ነው። ወዲያው ሌላው ቀጠለበት፤ ለዚህ 31 ቁጥር ተሰጥቶታል። ሃዋርድ በ1868 የተከፈተ፣ የተጎዳ ማኅበረሰብ ማገልገልን ዓላማው ያደረገ ትምህርት ቤት ነው። ሐበሻ ነኝ ማለት ብቻውን ምንም አይደለም፤ ያገለገለ ሰው ነው የሚፈልጉት። ነርሲንግ ሆሙ እዚህ ላይ እንደገና ይነሳል። ባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሜድ ስኩል የስቴቱን ነዋሪ ስለሚያስቀድም ዝርዝሯ ላይ መኖር አለበት። ዲሲ ያሉት ጆርጅታውንና ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዎች ቅርብ ስለሆኑ ብቻ ተስፋ አይጣልባቸው፤ ለ200 ገደማ ወንበር ለየአንዳንዳቸው ከ10,000 በላይ ማመልከቻ ይመጣል።

32ኛው ብድር ነው። በጁላይ 2025 በተፈረመው ሕግ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ይቀራል። ለሕክምና ተማሪ የፌዴራል ብድር ጣሪያው በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ይሆናል። ብዙ የግል ትምህርት ቤት በዚህ አይሸፈንም። ስለዚህ ዝርዝር ስታወጣ የመኖሪያ ስቴቷን የመንግሥት ትምህርት ቤትና በነጻ የሚያስተምሩትን ከነዋጋቸው ታስቀምጥ አለ። የኒው ዮርኩ ኤንዋይዩ ከ2018 ጀምሮ፣ ብሮንክስ ያለው አልበርት አንስታይን ደግሞ በ2024 በተሰጠው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ስጦታ የትምህርት ክፍያ አስቀርተዋል። አመልካቹ እዚያ ምን ያህል እንደሚበዛ መገመት አያቅትም።

እህቴ ክሩን በሙሉ አነበበችው። ዘንድሮ አታስገባም። ጃንዋሪ ላይ ኤምካት ትደግማለች፣ በሚቀጥለው ጁን በመጀመሪያው ሳምንት ታስገባለች። እስከዚያ ሌሊቷን አታቆምም፤ ሁለት ፕሮፌሰሮች ቢሮ ግን ሄዳለች።

33ኛው ክሩ ከቀዘቀዘ በኋላ መጣ። አገር ቤት ፋርማሲ ጨርሶ የመጣ ነው፤ በዚያ ዲግሪ ማመልከት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ኤምካስ የውጭ አገር ውጤት እንደማያጣራ፣ ብዙ ትምህርት ቤትም አሜሪካ ወይም ካናዳ ውስጥ የተወሰዱ ኮርሶችን፣ አንዳንዱም ሙሉ ዲግሪ እንደሚጠይቅ ጻፍኩለት። ዝርዝሩ ብዙ ስለሆነ የራሱን ክር እንዲከፍት ነገርኩት፤ ከፍቷል። የምታውቁ እዚያ መልሱለት።